ሆሄና ማሠሪያ አንቀጽ በገርጂ

በአዲስ አበባ ከኢምፔሪያል ተነሥቶ በገርጂ ሠፈር ውስጥ ለውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ጉልበቱ ደኅና ቢሆንና የሚያጣድፈው ጉዳይ ባይኖርበት፣ መንገዱን ሳያነብ ሊያልፍ አይችልም፤ ግራና ቀኙ፣ ከሉካንዳው እስከ መድኃኒት ቤቱ፣ ከባልትናው እስከ ጋራዡ፣ በቆርቆሮና በሸራ፣ በመስተዋትና በግንብ ላይ ሁሉ ተጽፎበታልና፣ ፊደል የቈጠረ ዐይንም የተጻፈ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ያልፍ ዘንድ ተፈጥሮው አይፈቅድለትምና። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማታ መንሸራሸሪያዬ ይኸው መንገድ ስለ ሆነ፣ የሠፈሬን ሥነ ጽሑፍ ጠንቅቄ ዐውቃለሁ ብል ትምክሕት አይሆንብኝም። በአንድ መንገድ ዳር ብቻ ሦስት የወንዶች ጠጉር አስተካካዮች አሉ፤ አንደኛው ‹‹ፀጉር ቤት›› ብሎ በፀሐዩ ፀ፣ ሁለተኛው ‹‹ጸጉር ቤት›› ብሎ በጸሎቱ ጸ፣ ሦስተኛውም ከሁለቱ ወገን ላለመጣላት ይመስላል ‹‹ጠጉር ቤት›› ብሎ በጠ አጽፈዋል። በሦስቱም ቤት በየተራ ገብቼ እንደ መረመርሁት የሚቈረጠው ጠጉር፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሚወራው የእግር ኳስ ወሬ አንድ ነው።

በዚህ መንገድ አብረውኝ የሚሄዱት ጎረቤቴ መሪጌታ ናቸው፤ ስማቸውን የማልጠራውም በሠፈሩ ከመሪጌታ በቀር ሌላ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ስላላገኘሁ ነው። በልጅነታቸው ጎጃም ገብተው፣ ከቆሎ ተማሪ ጋር ከውሻ እየታገሉ ቅኔ የተማሩ፣ ኋላም በአዲስ አበባ በደብር አገልግሎት ያረጁ ሊቅ ስለ ሆኑ፣ ከአንድ ሰሌዳ ፊት በቆሙ ጊዜ ደቀ መዝሙር የሚመረምሩበት የጥንት አቋቋማቸው ይመለስላቸውና፣ መቋሚያቸውን ደገፍ ብለው፣ ቃል በቃል ያነባሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያዝኑት በሉካንዳው ላይ ነው፤ ባለቤቱ ‹‹ስጋ ቤት›› ብሎ በእሳቱ ሰ አጽፎታልና።

‹‹በእሳቱ ሰ ከተጻፈማ ጥብሱ ብቻ ነው የሚሸጠው›› ይላሉ፤ ‹‹ጥሬው በንጉሡ ሠ ነው መጻፍ ያለበት።››

‹‹መሪጌታ፣ በላተኛው እኮ ጥሬውንም እያዘዘ ይበላል›› ብላቸው፣

‹‹ልጄ፣ በላተኛውማ በሽታው ያው ነው። ሐመሩ ሐ ከጉሮሮ ይወጣል፤ ብዙኃኑ ኀ ከትናጋ ይወጣል፤ ሃሌታው ሀ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ካላመመው በቀር እነዚህን ሦስቱን እንዴት አንድ ያደርጋቸዋል?›› ብለው ይመልሱልኛል።

እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ጉሮሮውን ካመመው ብዙ መቶ ዓመት እንደ ሆነው መናገር የኔ ፈንታ ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግእዝ በአፍ ይነገር በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ድምፅ ነበረው፤ አማርኛ ግን ድምፁን አንድ ላይ አቀላቅሎ መልኩን እንዳለ ስለ ወረሰ፣ አንድ ድምፅ ለመጻፍ ሁለትና ሦስት ሆሄ ተሰልፈው የሚጠብቁበት ሀገር ሆንን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የሠዉለት፣ እርሳቸውም ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ለእያንዳንዱ ቃል የሚገባውን ሆሄ ከሥሩ መርምሮ የሚሰጥ ነው፤ ደስታ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. ያወጡትም መዝገበ ቃላት ገና ከርእሱ ‹‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት›› ብሎ በዐይኑ ዐ ስለሚጀምር፣ ገጹን ያልገለጠ ሰው እንኳ ከሽፋኑ ላይ ተግሣጽ ይቀበላል። የከተማችን ስም በአልፋው አ ‹‹አዲስ›› ተብሎ በየአውቶቡሱ ግንባር ሲያልፍ መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያዞሩት ስለዚህ ነው።

የሆሄው ነገር በእውነት ትርጉም የሚለውጥበት ጊዜ የለም አልልም። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከሱቁም፣ ከመሥሪያ ቤቱም፣ ከማላውቀው ሰውም በስልኬ የሚደርሰኝ የመልካም ምኞት መግለጫ ‹‹እንኳን ለአዲሱ አመት አደረሰዎ›› የሚል ነው። ዓመት በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ዘመን ነው፤ አመት በአልፋው አ ሲጻፍ ግን በግእዝ ገረድ ማለት ስለ ሆነ፣ ሠፈርተኛው ሁሉ በዐውደ ዓመት ዋዜማ ስለ አዲስ ገረድ እንኳን ደስ ያለህ እየተባባለ ያድራል። ይህን ምሥጢር መሪጌታ ከገለጡልኝ በኋላ ለባለቤቴ ባጫውታት አልሣቀችም፤ በዚህ ዘመን በገርጂ የቤት ሠራተኛ አግኝቶ ማቈየት ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ ታውቃለችና፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ‹‹አሜን! ያድርግልን!›› አለች።

ሰሌዳ የሚጽፈው ወጣት ግን የሚከራከርበት ሌላ ሚዛን አለው። ይህ ልጅ እጁ የተባረከ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ታትሞ በሸራ በሚሰቀልበት ዘመን በብሩሽ የሚጽፍ እርሱ ብቻ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ዋጋውን የሚተምነው በሆሄ ቍጥር ነው። ንጉሡን ሠ ለምን እንደሚሸሽ ብጠይቀው ‹‹ጋሼ፣ እሱ ቀለም ይበላል፤ ሒሳቡ ግን እንደ አንድ ፊደል ነው›› አለኝ። ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ግን በነጻ ይሰጥ ነበር። በነጻ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ልክ ስለሌለው፣ ደንበኛውን ደስ ለማሰኘት በየቃሉ መካከል ይበትናቸው ነበር።

በሌላው ወገን ደግሞ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆሄያት ይቀነሱ የሚሉ ሰዎች ቀላል ሰዎች አይደሉም። ከነዚህ አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ፤ ስማቸውን ራሱን ሰው ሁሉ በወደደው ሀ እየጻፈው ሐሳባቸውን ሳያውቅ ይፈጽምላቸዋል። እኒህ ሊቅ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሹ ስለ ነበር፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በፍቅር እስከ መቃብር፣ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ እያኖሩ መጥበቅና መላላትን ለይተው አሳይተዋል። ሥርዓቱ ከርሳቸው በኋላ እምብዛም ተከታይ አላገኘም። እኔ በልማዴ ከመሪጌታ ወገን መሆኔን ይህ ጽሑፍ ይመሰክርብኛል፤ ዳሩ ግን ሥራን በእሳቱ ሰ ጽፎ የላከልኝ ሰው ምን ማለቱ እንደ ሆነ ጠፍቶኝ አያውቅም። የሐዲስ ነጥብ አለመኖሩ ግን ብዙ ጊዜ አሳስቶኛል።

ለምሳሌ በሠፈራችን በየበሩ ‹‹ኃይለኛ ውሻ አለ›› የሚል ጽሑፍ ይታያል። አንድ ማታ የልጄን ልጅ እጇን ይዤ ስናልፍ፣ ፊደል ከለየች ገና ጥቂት ወር የሆናት ልጅ፣ ለ የምትለዋን ሆሄ አላልታ አነበበችና፣ ‹‹አባባ፣ ውሻው ምን አለ?›› ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቱን ስሕተተኛ የሚያሰኛት ምንም ነገር በበሩ ላይ አልነበረም። እኛ ዐዋቂዎቹ ጠብቆ የምናነበው ስለ ተጻፈልን አይደለም፤ ውሻ እንደማይናገር አስቀድመን ስለምናውቅ ነው።

እዚህ ላይ የሰዋስውንና የአጻጻፍን ነገር ከሥሩ የሚነካ ጉዳይ ያለ ይመስለኛል። ሰው ሲናገር ድምፁ፣ ፊቱ፣ እጁና ቅንድቡ ሁሉ ያግዙታል፤ የጎደለውን ቃል አድማጩ ከዐይኑ ያነበዋል፤ ያልገባውንም ‹‹እንዴት?›› ብሎ ይጠይቀዋል። የተጻፈ ቃል ግን ጌታው ጥሎት የሄደ ስለ ሆነ፣ ይዞት የሚሄደው ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና ማሠሪያ አንቀጹን ብቻ ነው። ‹‹ዋናው መግባባት ነው፤ ስለ ሰዋስው ማን ይጨነቃል?›› የሚለው ሰው ሁሉ የሚያስበው ጉዳዩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው አንባቢ ነው፤ እንዲህ ያለው አንባቢ በርግጥ ማንኛውንም ነገር ይረዳል፤ ባይጻፍለትም ይረዳው ነበር። የሚጻፈው ግን ገና ላላወቀው ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1652 እ.ኤ.አ. ጎታ ከተማ ከመጡት ከአባ ጎርጎርዮስ ቋንቋችንን ተምሮ፣ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛን ሰዋስው በፍራንክፈርት ያሳተመው የእናቱ ቋንቋ ስላልነበረ ነው። እኛ ራሳችን ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሠሪያ አንቀጽ እያልን በየትምህርት ቤቱ የለመድነውን ያገኘነው፣ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ.ም. ያወጡትን የአማርኛ ሰዋስው ከመሰሉ መጻሕፍት ነበር፤ በጊዜው ግን የምናውቀውን ነገር ምን አድርጉ ብለው ያስተምሩናል እያልን አጉረምርመናል።

ከተሳቢዋ ጠቋሚ ከ‹‹ን›› ይልቅ የተናቀች፣ ከርሷም ይልቅ ኃይለኛ የሆነች ሆሄ በአማርኛ አላየሁም። በጋራ መኖሪያ ቤታችን ያሉት ጥበቃ በየሌሊቱ የሆነውን በመዝገብ የሚያሰፍሩ ትጉህ ሰው ናቸው፤ አንድ ጧት ‹‹ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ጥበቃውን ሌባው ከብሎክ 4 ሥር ይዞ ለፖሊስ አስረክቧል›› ብለው ጽፈው ተገኙ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ይህን ሲያነብ ለጊዜው ጸጥታ ሆነ። ከዚያም ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ መደነቁን ሳይደብቅ፣ እንዲህ ያለ ለሕግ ተገዢ ሌባ ከተገኘ የጥበቃውን ደመወዝ ወደርሱ ማዞር እንደሚገባ ሐሳብ አቀረበ። ጥበቃው ሌባውን መያዛቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በመስኮት አይተናልና። ነገር ግን ያ መዝገብ ከዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው በመስኮት አላየም፤ እርሱ የሚያየው ‹‹ን›› የተቀመጠችበትን ስፍራ ነው።

የጥበቃው ስሕተት የድካም ስሕተት ነበርና ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው በዐዋቂ እጅ፣ በማኅተምና በፊርማ ታጅቦ የሚወጣው ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የጀመረው ዓረፍተ ነገር ማሠሪያ አንቀጹ ላይ ሳይደርስ የሚሞትበት በሽታ አለ፤ እኔ ‹‹ሲሆን›› ብዬ ሰይሜዋለሁ። ስለ አንድ የቤት ካርታ ጉዳይ ካመለከትሁበት ቢሮ የመጣልኝ መልስ እንደሚከተለው ያለ ነበር፦ ማመልከቻዎ የደረሰን ሲሆን፣ ጉዳዩም ለሚመለከተው ክፍል የተመራ ሲሆን፣ ክፍሉም አስተያየቱን የሰጠበት ሲሆን፣ በመሆኑም ይህንኑ ዐውቀው አስፈላጊው እንዲደረግ ሆኖ፤ ከሠላምታ ጋር። ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። ከዚያ ‹‹ሆኖ›› ከሚለው በኋላ የሚመጣ አንድ ነገር መኖር አለበት ብዬ ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ። በመጨረሻ ደብዳቤውን ይዤ ሄጄ ጸሐፊዋን ‹‹እመቤቴ፣ አሁን ምን ላድርግ?›› ብዬ ብጠይቃት አነበበችውና፣ እርሷም ሳይገባት፣ ‹‹ነገ ይመለሱ›› አለችኝ። ስለ ‹‹ሠላምታ›› በንጉሡ ሠ መጻፍ ያነሣሁባት ነገር የለም፤ ሰላም በእሳቱ ሰ መሆኑን መሪጌታ ዘወትር ቢያስተምሩም፣ የሀገራችን ጸሐፊ ሁሉ የደብዳቤው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ለክብር ያህል ንጉሡን መጥራት ይወዳልና።

በስልክ የሚመጣው አጭር መልእክት ደግሞ ሌላ መከራ አለው። አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የሚለይበት አንዱ ጌጡ፣ አክብሮትንና ቅርበትን፣ ወንድነትንና ሴትነትን ሁሉ በግሡ ላይ አትሞ መላኩ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ሰዋስው የሳተ ሰው ሳያስበው ሰው ይሰድባል። አንድ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት በየወሩ ለደንበኞቹ የሚልከው መልእክት ‹‹ውድ ደንበኛችን፣ የወሩ ሒሳብዎ ስለ ደረሰ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልክ አገልግሎቱ ይቋረጥብሃል፤ ስለ ተባበራችሁን እናመሰግናለን›› የሚል ነው። በአንዲት አጭር መልእክት በእርስዎ ገብቼ፣ በአንተ ተገሥጬ፣ በእናንተ ተባዝቼ ወጣሁ። ባለቤቴም በራሷ ስም በተመዘገበው ቍጥር ይኸው ቢደርሳት ‹‹ይቋረጥብሃል›› የሚለው ላይ ስትደርስ ‹‹ይህስ ያንተ ነው፤ እኔን አይመለከትም›› ብላ ስልኳን ዘጋች፤ አገልግሎቱም በወሩ መጨረሻ ተቋረጠ። ክስ ብትመሠርት ትረታ ነበር እላለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ፣ ማመልከቻዋን ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ›› ብላ አመጣችልኝ። ልጅቱ በሒሳብ አያያዝ የተመሰከረላት ናት፤ ነገር ግን ደብዳቤዋ ‹‹ለአስተዳደር መምሪያ አላፊ›› ብሎ ይጀምር ነበር። ላርመው እርሳሴን ሳነሣ መሪጌታ ከለከሉኝ፤ ኃላፊ በብዙኃኑ ኀ ይጻፍ እንጂ ሥሩ ኀለፈ፣ ማለትም ዐለፈ፣ ስለ ሆነ፣ ‹‹አላፊ ጠፊ ነህ ብላ ማሳሰቧ በትርጉም በኩል ነቀፋ የለበትም›› አሉ። የሆነው ሆኖ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው አላፊነቱ በገጽ አናት ላይ እንዲነገረው እምብዛም ስለማይወድ አርሜ ሰጠኋት። እኔን ያሳሰበኝ ከዚህ በታች ያለው ነበር፤ ‹‹ከዚህ በፊት በሠራሁበት ድርጅት ሥራ አስኪያጁን የሒሳብ ጉድለት ያገኘሁበት ስለ ሆነ›› ብላ ጽፋለች። ልጅቱ ልትል የፈለገችው ሥራ አስኪያጁ ሳያዩት ያለፈውን ጉድለት እርሷ ማግኘቷን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አንድ የተከበረ ሰው ላይ የእምነት ማጉደል ክስ መሥርቶ ተቀምጧል። ሁለት መቶ ማመልከቻ ከፊቱ የተከመረበት ሰው ልጅቱን ጠርቶ ‹‹ምን ማለትሽ ነው?›› ብሎ አይጠይቅም፤ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ እርሷም ለምን እንዳልተጠራች ሳታውቅ ትቀራለች።

የውጫሌን ውል ሳያነሣ ስለዚህ ጉዳይ የጻፈ ሰው ስለሌለ እኔም እንዳልነቀፍ በአጭሩ ላንሣው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈቅዱ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጻጻፍ ይቻላቸዋል ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው፤ መቻልና መገደድ የተለያዩበት ክርክርም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተፈታ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ፣ የሁለት ቋንቋ ቅጂዎች ቢጋጩ የትኛው ይጽና የሚለው ጥያቄ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ ዕውቅና እንዲኖረው ተደርጎ የተደነገገው በ106ኛው አንቀጽ መሆኑ ነው፤ ከ1881 እስከ 1987 ያለው ዘመን ሲቈጠር ደግሞ 106 ዓመት ይሆናልና። መሪጌታ ይህን ብነግራቸው በጣም ወደዱት፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ ሆነ ሲሉት ይከፋዋል።

ሰዋስው ገንዘብ እንደሚያስከፍል የሚጠራጠር ቢኖር ደግሞ ወደ አሜሪካ ይመልከት። በሜይን ክፍለ ግዛት ወተት የሚያመላልሱ ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባናል ብለው አሠሪያቸውን ሲከሱ፣ የክርክሩ ሥር ሕጉ የትርፍ ሰዓት የማይከፈልባቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር በመጨረሻው ‹‹ወይም›› ፊት አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳያኖር መቅረቱ ነበር። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. በዚህች ጉድለት ምክንያት ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ አሠሪያቸውም በተከታዩ ዓመት በ5 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ይህን ወሬ ለሰሌዳ ጸሐፊው ወጣት ከነገርሁት ወዲህ ነጠላ ሰረዝን በነጻ መስጠት ትቷል።

አሁን ወደ ዕድራችን ጉዳይ ልምጣ። በድሮው ጊዜ ሰው ሲሞት የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ ነፍቶ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በአፉ ያውጅ ነበር፤ በአፉ ነበርና ጠብቆም ላልቶም፣ እያዘነም፣ ስሙን እየደጋገመም ይናገራል። ገርጂ ግን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሙከራ በመጀመሪያ ከተሠሩባቸው የአዲስ አበባ ሠፈሮች አንዱ ስለ ሆነ፣ ሰዉ ከምድር ተነሥቶ በደርብ ላይ ሰፈረ፤ ጡሩምባው አራተኛ ፎቅ ላለው የእንቅልፍ ረብሻ፣ ለምድር ቤቱ ብቻ መርዶ ሆነ። ስለዚህ ዕድራችን ጡሩምባ ነፊውን አሰናብቶ፣ ማስታወቂያ በየብሎኩ ደረጃ ሥር ይለጠፍ ብሎ ወሰነ።

ጸሐፊያችን ሥራ የሚበዛበት፣ ደግ፣ ግን ችኩል ጎልማሳ ነው። ከአባሎቻችን አንዱ፣ በሠፈሩ የተወደዱ ሽማግሌ፣ ባረፉ ማግሥት በየደረጃው የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ስማቸውን ትቼ ስጽፈው፣ ይህ ነበር፦ ‹‹የዕድራችን አባል አቶ እገሌ ከዚህ ዓለም በሞት ስለ ተለዩ ዛሬ በ6 ሰዓት በገርጂ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንዲገኙ፤ ሳይገኙ ቢቀሩ በደንቡ መሠረት 100 ብር የሚቀጡ መሆኑን እናሳስባለን።››

በሐዘን ቀን አይሣቅምና ሰው ሁሉ አንብቦ ዝም አለ። አንዲት እናት ብቻ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ ‹‹ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቀብር ቀርተው የማያውቁ ሰው! ምን በወጣቸው ይቀጣሉ?›› ሲሉ ተሰማ። ቀብሩ በሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ሽማግሌው የተወደዱ ስለ ነበሩ ሰው በማስታወቂያው ሳይሆን በልቡ ተጠርቶ መጣ። አምስት አባላት ግን አልተገኙም።

በወሩ ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዧ የአምስቱን ስም አንብበው ቅጣት ሲጠይቁ፣ ከአምስቱ አንዱ፣ ብዙ ዘመን በነገረ ፈጅነት ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን፣ ማስታወቂያውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ተነሡ።

‹‹ክቡር ዳኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ባለቤት ብቻ አለው፤ እርሱም ሟቹ ናቸው። ‹እንዲገኙ› የተባሉት እርሳቸው ናቸው፤ ባይገኙ የሚቀጡትም እርሳቸው ናቸው። እኔን ግን ማንም አልጠራኝም። የተጠሩት ደግሞ ተገኝተዋል፤ በሰዓቱም ተገኝተዋል። ታዲያ ዕድሩ ቅጣት የሚጠይቀው በየትኛው ሕግ ነው?››

ጸሐፊው ፊቱ ደም ለበሰ። ‹‹ጋሼ፣ ይህ እኮ ግልጽ ነው! ለአባላት እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ገብቶታል፤ ዋናው መግባባት ነው!››

‹‹ገብቶን ቢሆንማ እኛ አምስታችን የት ሄድን?›› አሉ ነገረ ፈጁ። (እርሳቸው የሄዱት ቢሾፍቱ ለሠርግ እንደ ነበር ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ግን የሰዋስው ክርክር አይደለም።)

ክርክሩ ከሰዓት እስከ ምሽት ዘለቀ። አንዱ ማስታወቂያው በልማድ ይተርጐም አለ፤ ሌላው ልማድ ደንብን አይሽርም አለ፤ ከአምስቱ አንዷ፣ በገርጂ አዲስ የሆነች፣ ከሟቹ ጋርም ፈጽሞ የማትተዋወቅ ወይዘሮ፣ ‹‹እኔ በእውነት ስለ አንድ የታመመ ሰው መስሎኝ ነበር፤ ያልተገኘ ይቀጣል ሲል ጊዜ ሰውየው በሕይወት ያሉ መሰለኝ›› አለች፤ በዚህ ጊዜ ስብሰባው ዝም አለ። ነገረ ፈጁ በጥበብ ሲከራከሩ ከነበሩት ሁሉ ይልቅ ይህች ሴት በየዋህነት የተናገረችው ዳኛውን ረታቸው። ቅጣቱ ለአምስቱም ተነሣ፤ ከእንግዲህም ማንኛውም ማስታወቂያ ሳይለጠፍ በፊት በመሪጌታ ይታረም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

መሪጌታ ኃላፊነቱን በታላቅ ደስታ ተቀበሉ። ሌላ አባል ባረፉ ጊዜ ጸሐፊው በማለዳ ረቂቁን አመጣላቸው፤ እርሳቸውም ወደ ቤታቸው ገብተው፣ መነጽር አድርገው፣ ኪዳነ ወልድን ከመደርደሪያ አውርደው፣ ‹‹እረፍት›› የሚለውን በዐይኑ ዐ አቃኑት፤ ‹‹ስርዐተ ቀብር›› የሚለውን ሥርዐት አስያዙት፤ ባለቤቱን ከተሳቢው ለይተው አቆሙት፤ ጥሪው ‹‹አባላት ሁሉ›› በሚል ባለቤት እንዲገዛ አደረጉ፤ ጽሑፉ እንዲህ ሲያምርላቸው ጊዜም ለሟቹ የሚገባ አንድ ጉባኤ ቃና ቢታከልበት ነውር የለውም ብለው ተቀመጡ። ማስታወቂያው ተሟልቶ፣ አንድም ግድፈት ሳይገኝበት፣ በየደረጃው ሥር የተለጠፈው ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ንፍሮውን ቀምሶ ወደየቤቱ ሲገባ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ እያነበበ አጻጻፉን አደነቀ።

ዳኛው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው ጡሩምባ ነፊው ወደ ሥራው እንዲመለስ አስወሰኑ፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት እንቅልፋቸውን ለሟች ይሰጡ ዘንድ ተለመኑ። ጸሐፊው ከወረቀትና ከቀለም ጣጣ በመገላገሉ ደስ ብሎታል። ነገረ ፈጁ ግን ጡሩምባው ስንት ጊዜ ሲነፋ ጥሪው ለአባላት እንደ ደረሰ ይቈጠራል የሚል ጥያቄ፣ ባለቤቱ፣ ተሳቢውና ማሠሪያ አንቀጹ ሁሉ በየቦታው ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ አቅርበው፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሮበታል።